ደብረ ብርሃን ላይ የተስተካከለ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚያንኳኳ

የምጽፈው ካርቡራቶር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው) እና ዲስትሪቢውተር (ብልጭታን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው፤ ሲዞር ብልጭታው ይቀድማል ወይም ይዘገያል) ስላለው አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ነው፤ ቤንዚኑና ብልጭታው ሲስተካከሉ የሚሠሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። አይሱዙ የያዘ ሰው ቢያልፈው አልቀየምም፤ ናፍጣ በብልጭታ አይነድም።

ሞተሩ እንደተቀየረ አለማወቅ። የተቀየረ ሞተር ሲባል ብዙ ሰው የውድድር መኪና ይታየዋል። በእኛ አካባቢ ግን ሞተር የሚቀየረው በጥገና ስም ነው። ውሃ ጨርሶ የጋለ ሞተር ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይጣመማል፤ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጋል። ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ ሊሰፋ ሬቲፊካ ይገባል። ያረጀው ካርቡራቶር ከሌላ መኪና በተነቀለ ትልቅ ካርቡራቶር ይተካል። የተላገ ቴስታታ የማቃጠያውን ክፍል ያጠበዋል፤ እመቃው (ፒስቶኑ ቅይጡን የሚጨምቅበት መጠን) ይጨምራል፤ እመቃ የጨመረ ሞተር ደግሞ የቀደመ ብልጭታን አይታገሥም። ስለዚህ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የታይሚንግ (ብልጭታው የሚነሣበት ጊዜ) ቁጥር ለእንዲህ ያለ ሞተር መነሻ ብቻ ነው። ቴስታታው ስንት ጊዜ እንደተላገ ሳይጠይቅ ዲስትሪቢውተር የሚያዞር መካኒክ ካጋጠመዎት ቁልፍዎን ተቀብለው ይሂዱ።

ደጋ ላይ አስተካክሎ ቆላ መውረድ። ዋናው ይህ ነው፤ እኔንም ያስከፈለኝ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሰባት አሥረኛ ቢሆን ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። አየሩ ሞቃት ቢሆንም ከደጋው ይልቅ የታመቀ ነው።

ካርቡራቶር ይህን ሁሉ አያውቅም። ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስለትም፤ ቅይጡ ይወፍራል፣ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል። ባለቤቱ ይመጣና «ጋሼ፣ ቤንዚን ትበላለች፤ ይቀንሱልኝ» ይላል። መካኒኩም ትንሽ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ያስገባል፤ መኪናዋም ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ሰዓት ትሠራለች። ችግሩ የሚመጣው ቁልቁለቱ ሲያልቅ ነው። በግምት ስናሰላው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚቀላቅል ካርቡራቶር ማንም ሳይነካው ሸዋ ሮቢት ላይ 15.7 አካባቢ ይቀላቅላል፤ ቁጥሩ ጨመረ ማለት ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው። ባዶ መኪና በሜዳ ላይ ይህን ይችለዋል። ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሞተር ግን የሚፈልገው ከ12.5 እስከ 13 ነው።

ብልጭታውም እንደዚያው ነው። የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ ደጋ ላይ ብልጭታውን ማስቀደም ጉልበት ይጨምራል፤ ሞተሩም አያጉረመርምም። ያው ማስተካከያ ቆላ ሲወርድ ያንኳኳል፤ ቅይጡ በሥርዓት በመንደድ ፈንታ ይፈነዳል ማለት ነው። የእኔዋ ፒካፕ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭና ስትመለስ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ዳገት ላይ ጣሳ ውስጥ የተንቀጫቀጨ ጠጠር የሚመስል ድምፅ ታሰማ ነበር። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት። ሞተሩ ሲፈታ የአንዱ ፒስቶን የፋሻ (የቀለበት) መቀመጫ ተሰባብሮ አገኘነው።

ቤንዚኑን ከብልጭታው ማስቀደም። ታይሚንግ ሲነካ የሞተሩ የዝግታ ዙር ይለወጣል፤ ቀድሞ የተስተካከለ ቅይጥም ይበላሻል። ቅደም ተከተሉ ቫልቭና ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው)፣ ከዚያ ብልጭታ፣ መጨረሻ ላይ ቤንዚን ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚነካ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። (ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈሩትም ጣሊያኖች ናቸው። መንገዱም የጋራዡ ቋንቋም ከአንድ እጅ የመጣ ነው።)

የቫኪዩም ቱቦውን ሳይነቅሉ መለካት። ይህ ቱቦ በሞተሩ መሳብ ብልጭታውን የሚያስቀድም ነው፤ በብዙ ሞተሮች ቱቦው እንደተሰካ የሚነበበው ቁጥር ይህ የተደመረበት ነው። ነቅለው አፉን ይድፈኑና ከዚያ በታይሚንግ መብራት ይለኩ። በዝግታ ብቻም አይቁሙ። ቆሞ 10 ዲግሪ የሚያሳይ ዲስትሪቢውተር ዙር ሲጨምር ውስጡ ያሉት ብልጭታ አስቀዳሚ ክብደቶች 20 ቢጨምሩለት 30 ይሆናል፤ የክብደቶቹ ስፕሪንግ ከላላ ደግሞ ሠላሳው ከጊዜው ቀድሞ ይደርሳል። ፒስቶን የሚሰብረው ይህ ነው።

የፑሊውን ምልክት ማመን። ፑሊው ሞተሩ ፊት ላይ ቀበቶ የሚያዞረው መንኮራኩር ነው፤ በአሮጌ ሞተር ላይ ምልክቱ ያለበት ውጪኛው ቀለበት ጎማውን ለቆ ሊንሸራተት ይችላል። አንደኛው ፒስቶን በትክክል ላይኛው ጫፍ ላይ ሲሆን ምልክቱ ዜሮን ካላሳየ መብራቱ የሚነግርዎት ሁሉ ውሸት ነው።

ካንዴላን በዝግታ ከሠራ ሞተር አውጥቶ መፍረድ። ቆሞ የሠራ ሞተር ካንዴላው ቢጠቁር አይገርምም። ጭነት ይዘው ዳገት ላይ ያስኪዱ፤ አስተማማኝ ቦታ ሲደርሱ ዳር ይዘው ወዲያው ያጥፉና ሲበርድ ይፍቱ። ነጩ ሸክላ የቆሎ ቀለም ከያዘ ደኅና ነው። ኖራ የመሰለ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል። ሸክላው ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ስባሪ ደቃቅ፣ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካዩ ግን ያ አልሙኒየም ነው፤ ፒስቶኑ መሸርሸር ጀምሯል።

የመኪናው የመጨረሻ ፈተናም ጋራዥ ግቢ ውስጥ አይሆንም። የተለመደውን ጭነት ይጫኑ፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ይውጡ፤ መንገዱ ድንጋይ ግድግዳ ተጠግቶ በሚሄድበት ቦታ መስኮቱን ይክፈቱ። ግድግዳው ድምፁን ወደ ጆሮዎ ይመልሰዋል። ጠጠሩ ከተሰማ እግርዎን ከቤንዚኑ አንሥተው ይቁሙ፣ ብልጭታውን 2 ዲግሪ ያዘግዩ፣ ብሎኑን ያጥብቁ፣ እንደገና ይውጡ። ጠጠሩ ሲጠፋ ዲስትሪቢውተሩ ሞተሩን የሚነካበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፤ የሚቀጥለው መካኒክ የት እንደነበረ ይወቅ።