የኤሌክትሪክ የአንገት ቀበቶን ለውሻ ሥልጠና በጥንቃቄ ስለመጠቀም

የኤሌክትሪክ ቀበቶ (በርቀት መቆጣጠሪያ ቁልፍ ሲጫኑ በውሻው አንገት ላይ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ መሣሪያ) ውሻው ቀድሞ የሚያውቀውን ትእዛዝ ከርቀት ለማስታወስ እንጂ አዲስ ነገር ለማስተማር አይሆንም፤ ስለዚህ «ና» የሚለውን ጥሪ በረጅም ገመድና በሽልማት በሚገባ ሳያለማምዱ ሊጠቀሙበት አይገባም። እንደ ዌልስ ያሉ አገሮች፣ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010፣ መሣሪያውን ማገዳቸውን በማሰብ በቅድሚያ የአካባቢዎን ሕግ ያጣሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳያበሩ ያስሩለት። ሁለቱ የብረት ጫፎች ቆዳውን ይንኩ፤ ሆኖም አንድ ጣት በቀበቶው ሥር ማለፍ አለበት።

ኃይሉን ከዝቅተኛው ደረጃ ጀምረው አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ ውሻው ጆሮውን ካቆመ ወይም ዞር ብሎ ከተመለከተ ተሰምቶታልና እዚያው ላይ ይቁሙ። ከጮኸ፣ ከተሸማቀቀ ወይም ጭራውን በእግሮቹ መካከል ከወሸቀ ግን መጠኑ በዝቷል፤ የዕለቱ ሥልጠና ይቋረጥ። ተስማሚውን መጠን ካገኙ በኋላ ጥሪውን ያሰሙ፣ ካልመለሰ ቁልፉን ለቅጽበት ይጫኑ፣ ወደ እርስዎ መዞር እንደጀመረ ይልቀቁ፣ ሲደርስም ይሸልሙት። በንዴት ቁልፉን መጫን፣ በእኔ እምነት፣ ሥልጠና ሳይሆን ጭካኔ ነው።

ፍርሃትን ስለሚያባብስ ለቡችላ፣ ለድንጉጥና ለተናካሽ ውሻ አይጠቀሙበት። ንዝረት ወይም ድምፅ ብቻ ከበቃም ኤሌክትሪኩን ይተዉት። ጫፎቹ ቆዳን ስለሚያቆስሉ ከሥልጠና በኋላ ቀበቶውን አውልቀው አንገቱን በየቀኑ ይመርምሩ።