የኤፍኤምአርአይ ሲግናልን ወደ ፐርሰንት እንዴት እንቀይራለን?

በኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በደም ለውጥ በሚለካው የኤምአርአይ ዘዴ) ማሽኑ የሚሰጠን ቁጥር አሃድ የለውም። የአንዱ ሰው ቮክሰል (ምስሉ የተከፋፈለበት ትንሽ ኪዩብ) 800፣ የሌላው 1400 ቢል የሁለተኛው አንጎል የበለጠ ሠርቷል ማለት አይደለም። ቁጥሩ በማሽኑ ቅንብር፣ ሲግናሉን ለሚቀበለው ኮይል ባለው ቅርበት፣ በቲሹው ዓይነት ይለዋወጣል። ስለዚህ ሰውን ከሰው ከማወዳደራችን በፊት ዳታውን ስኬል እናደርጋለን፤ ማለትም ወደ አንድ የጋራ መለኪያ እናመጣለን። እኔ የምመርጠው አፍኒ የተባለውን የኤፍኤምአርአይ መተንተኛ ሶፍትዌር መንገድ ነው።

1. የጭንቅላት እንቅስቃሴ እርማቱንና ምስሉን ማለስለሱን ጨርሱ።

2. 3ዲቲስታት በተባለው የአፍኒ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ቮክሰል አማካይ አውጡ። ለእያንዳንዱ ራን (ሳይቋረጥ ለተቀረጸ አንድ ዙር) ለየብቻ ይሁን፤ መነሻው ከራን ራን ይለያያልና።

3. 3ዲካልክ በተባለው የአፍኒ ፕሮግራም እያንዳንዱን ዋጋ ለአማካዩ አካፍላችሁ በ100 አባዙ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማካዩ 800 የሆነ ቮክሰል አንድ ጊዜ 820 ቢደርስ 102.5 ይሆናል። ከራሱ መነሻ 2.5 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ነው። ከአንጎል ውጭ ግን አማካዩ ለዜሮ ይቀርባል። አማካዩ 2 ሆኖ አንዱ ዋጋ 9 ቢሆን 450 ይወጣል፤ ባዶ አየር ላይ! ለዚህ ነው በአፍኒ ጣሪያውን 200 ላይ የሚገድቡት፤ ዜሮና ከዜሮ በታች የሆነውንም ዜሮ ያደርጉታል። ይህን ገደብ በፍጹም አትዝለሉት።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አማካዩን ቀድሞ መቀነስ ነው። ባንድፓስ ፊልተር (የተወሰነ የፍሪኩዌንሲ ክልል ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ካደረጋችሁ በኋላ አማካዩ ዜሮ አካባቢ ይሆናል። ለዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማካፈል የሚሰጠው ትርጉም የለሽ ውጤት ነው። ፕሮግራሙም ስህተት ብሎ አያስጠነቅቃችሁም። ስኬሉ ይቅደም፤ ፊልተሩ ይከተል።

4. ሪግሬሽኑን ሥሩ። የሪግሬሰሩ (ከሥራው የሚጠበቀው የሲግናል ቅርጽ) ጫፍ 1 መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ቤታው (ሪግሬሽኑ የሚሰጠው የለውጥ መጠን) በቀጥታ ፐርሰንት ሆኖ አይነበብም።

ሌሎቹ መተንተኛ ሶፍትዌሮች ግን ይለያሉ። ኤፍኤስኤል የራኑን ዳታ በሙሉ በአንድ ቁጥር አባዝቶ አማካዩን ወደ 10000 ያመጣል። ኤስፒኤምም በአንድ ቁጥር ነው፤ ዒላማው 100 ነው። ሁለቱም በየቮክሰሉ አያካፍሉም። ስለዚህ ቤታቸውን እንዳለ ፐርሰንት ብላችሁ አትጻፉ። እያንዳንዱን ስካን በራሱ ጠቅላላ አማካይ የማካፈሉን አማራጭ ደግሞ ለአክቲቬሽን ጥናት አልመክርም። ተሳታፊው የሚሠራው ሥራ ሰፊ የአንጎል ክፍል ካነቃ ጠቅላላው አማካይ አብሮ ይወጣል፤ ያኔ ምንም ያልሆነው ክፍል የቀነሰ ይመስላል።

5. በመጨረሻ በዓይናችሁ እዩ። በአንጎል ውስጥ አማካዩ 100 መሆን አለበት። በ3 ቴስላ ማሽን የተለመደው ለውጥ ጥቂት ፐርሰንት ነው። 20 ፐርሰንት ካያችሁ መጀመሪያ ትልቅ የደም ሥር፣ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ወይም የአንጎል ጠርዝ እንደሆነ ፈትሹ።