ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ከመግዛትዎ በፊት በሱቁ በር ላይ ይፈትኑት

በመሀል አዲስ አበባ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ የማይሸጥበት ጎዳና የለም ማለት ይቻላል። ከሜክሲኮ አደባባይ ጀምሮ በስታዲየም ዙሪያ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ፣ በፒያሳም ከ2016 ዓ.ም. ፈረሳ በኋላ በቀሩት ሱቆች ነጭና ጥቁር ትንንሽ ሣጥኖች በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። መልካቸው እጅግ ተመሳሳይ ሲሆን ዋጋቸው ግን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው በእጥፍ ሊለያይ ይችላል። በእኔ እምነት በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ስለ ዕቃው የሚነግረን ጥቂት ነው፤ በገዛ ስልካችን፣ በሱቁ በር ላይ፣ የመኪና ጫጫታ ባለበት ቆመን የምናደርገው የአሥር ደቂቃ ሙከራ ግን የሚበልጠውን ይነግረናል። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያም በዚሁ ሙከራ ዙሪያ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ማዳመጫውን ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ። ብዙ ሰው ለሙዚቃ ብሎ ይገዛውና ውሎ አድሮ ከሚያዳምጥበት ሰዓት የሚያወራበት ይበልጣል፤ በቢሮ ኮሪደር፣ በታክሲ ሰልፍ፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ። ለእንዲህ ያለው ሰው ከሙዚቃው ጥራት በፊት መመርመር ያለበት ማይክሮፎኑ ነው። መዝሙር፣ ትረካና ትምህርት ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የባትሪው ቆይታና የማዳመጫው ምቾት ከሁሉ ይበልጣል። ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ ስፖርት የሚሠራ ሰው ላብ የሚችለውን መፈለግ አለበት። በስልኩ ጌም የሚጫወት ወይም የሙዚቃ መሣሪያ የሚለማመድ ሰው ግን፣ ስልኩ የገመድ መሰኪያ ካለው፣ ባለ ገመዱን ቢገዛ ይሻለዋል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ባለ ገመዱ ድምፁን ሳያዘገይ ያደርሳል፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ በዝቅተኛ ዋጋም የተሻለ ድምፅ ይሰጣል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የገመድ መሰኪያውን አንሥቶ በዚያው ዓመት ኤርፖድ የተባለውን ገመድ አልባ ማዳመጫውን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ባለ ገመድ ማዳመጫ ይዞ መታየት እንደ ኋላ ቀርነት መቆጠሩ ፈጽሞ ተገቢ አይመስለኝም።

ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ስልክዎን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፤ ደጋግመው ስለሰሙት እያንዳንዱን ድምፅ የሚያውቁትን ዜማም በስልክዎ ላይ አውርደው ይያዙ። በዚህ ረገድ የራሳችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ከማንኛውም የሙከራ ፋይል የተሻለ ያገለግላሉ። የበገና ዝቅተኛና ንዝረት ያለው ድምፅ ማዳመጫው ወፍራም ድምፅን በትክክል ማውጣቱን ወይም ማደፍረሱን ወዲያውኑ ይገልጣል። የማሲንቆ ድምፅ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ከመጠን በላይ ተጋንኗል ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ለሙከራ ሲደውሉ ስልክ እንዲያነሣልዎ ከአንድ ወዳጅዎ ወይም ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩ። ለሙከራ የሚሰጠው ማዳመጫ በብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ ያለፈ ስለሆነ መጥረጊያ ሶፍትና ጥቂት አልኮል መያዝም አይከፋም።

በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የብሉቱዝ ሥሪት ቁጥር ነው። ሥሪት 5.0 እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ 5.3 ደግሞ በ2021 የወጡ ሲሆኑ፣ የቁጥሩ ማደግ በራሱ ድምፁን አያሳምረውም። ስልክዎ ባለ 5.0 ከሆነ ሁለቱ ዕቃዎች የሚግባቡት ሁለቱም በሚያውቁት ደረጃ ብቻ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ለድምፁ ጥራት ትርጉም ያለው ድምፁ ተጨምቆ የሚላክበት ዘዴ፣ ማለትም ኮዴክ ነው። ኤስ.ቢ.ሲ. የተባለው ሁሉም ማዳመጫ ሊይዘው የሚገደድ መሠረታዊ ኮዴክ ሲሆን አይፎን በተሻለ ጥራት የሚጠቀመው ኤ.ኤ.ሲ. ነው። ሶኒ የሠራው ኤልዳክ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎ ቢት ይልካል፤ ይሁን እንጂ አይፎን ኤልዳክን ስለማይደግፍ ባለ አይፎን ለእርሱ ብሎ የሚጨምረው ብር ባክኖ ይቀራል።

ስለ ባትሪው የሚጻፈው ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያሻው ነው። «30 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ ማዳመጫው ወደ ኬዙ፣ ማለትም ወደሚቀመጥበትና ቻርጅ ወደሚደረግበት ትንሽ ማኅደር፣ እየተመላለሰ ቻርጅ ሲደረግ የሚገኘው ድምር እንጂ በአንድ ጊዜ ጆሮ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ለሻጩ «ከኬዙ ወጥቶ ብቻውን ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ። የእያንዳንዱ ጆሮ ባትሪ በተለምዶ ከ30 እስከ 60 ሚሊ አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ)፣ የኬዙ ደግሞ ከ300 እስከ 500 ገደማ ይሆናል። በመዳፍ ውስጥ ጠፍቶ በሚቀር ቀላል ኬዝ ላይ 2000 ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ካዩ አያምኑት፤ በብዙ ፓወር ባንክ ውስጥ የሚገኘው ክብ ባትሪ ከ2000 እስከ 3500 የሚይዝ ሲሆን ብቻውን ወደ 45 ግራም ይመዝናል። ኬዙን በእጅዎ ሲይዙት እንዲህ ያለ ክብደት ከሌለው በውስጡም እንዲህ ያለ ባትሪ የለም።

ስለ ውኃ መቋቋም የሚጻፈው አጭር ነው፤ አይ.ፒ.ኤክስ.4 ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭን ውኃ፣ አይ.ፒ.ኤክስ.7 ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን የሚችል ማለት ነው። ለላብና ለክረምት ካፊያ የመጀመሪያው ይበቃል። ኬዙ ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ ውስጥ ስለማይካተት ከዝናብ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ኤ.ኤን.ሲ. እና ኢ.ኤን.ሲ. ተብለው የሚጻፉት ሁለት ነገሮች ብዙ ገዢ ያሳስታሉ፤ አንዳንድ ሻጭም አንዱን በሌላው ተክቶ ይናገራል። የመጀመሪያው የአካባቢውን ጫጫታ ለእርስዎ ጆሮ የሚቀንስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በስልክ ሲያወሩ ጫጫታው ወደሚያዳምጥዎ ሰው እንዳይደርስ የሚያጣራ ነው። ኢ.ኤን.ሲ. ብቻ ያለውን ማዳመጫ በኤ.ኤን.ሲ. ዋጋ የገዛ ሰው የሚኒባሱን ሞተር ድምፅ እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ ይሰማል። እውነተኛ ኤ.ኤን.ሲ. መሆኑን ለማረጋገጥ ሙዚቃ ሳይከፍቱ በመንገድ ዳር ቆመው ያብሩትና ያጥፉት፤ የሞተሩ ዝቅተኛ ጉምጉምታ በግልጽ የማይቀንስ ከሆነ የለም ማለት ነው። የሰው ንግግርና የመኪና ጥሩምባ ግን በጥሩውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይጠፉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሱቅ ውስጥ ጸጥታ ስላለ ሁሉም ማይክሮፎን ጥሩ ይመስላል። ስለዚህ «ወንድሜ፣ በር ላይ ወጥቼ በስልክ ላውራበትና እወስደዋለሁ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ ሻጩ ቢጠራጠር ከሠራተኞቹ አንዱ አብሮዎት እንዲቆም ያድርጉ ወይም ገንዘቡን በመያዣነት ያስቀምጡ። ይህን ፈጽሞ የሚከለክል ሱቅ ካጋጠመዎት ወደሚቀጥለው ይሂዱ፤ ሱቅ በሞላበት ከተማ ያልተፈተነ ዕቃ የሚገዛበት ምክንያት የለም። ለወዳጅዎ ደውለው ቢያንስ ሁለት ደቂቃ በተለመደው ድምፅዎ ያውሩ፤ ድምፅዎ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ይሰማው እንደሆነ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ቃላትዎ ይቆረጡ እንደሆነ ይጠይቁት። ከዚያም የቀኙን ወደ ኬዙ መልሰው በግራው ብቻ፣ ቀጥሎም በተቃራኒው ያውሩ፤ በርካሾቹ ላይ አንዱ ወገን ብቻ ደኅና ማይክሮፎን ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው።

በዚህ ጊዜ ሙዚቃ ሲያዳምጡ ወፍራምና ጥርት ያለ የነበረው ድምፅ በስልክ ሲያወሩ ሲሳሳ ቢሰማዎት ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ማይክሮፎኑ ሲከፈት ድምፁ ለንግግር ብቻ ወደተዘጋጀ ጠባብ መስመር ስለሚዛወር በውድም በርካሽም ማዳመጫ ይታያል።

የመቆራረጡን ጉዳይ ለማወቅ ስልክዎን በሱሪዎ ኪስ ከትተው ጥቂት ርምጃ ይራመዱ። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ሲሆን፣ ሙዚቃ ሲተላለፍ በ79 ጠባብ መስመሮች መካከል በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ እየዘለለ ከዋይፋይና ከሌሎች ስልኮች ጋር ላለመጋጨት ይሞክራል። ይህ ሞገድ ውኃ በበዛበት የሰው አካል ውስጥ ሲያልፍ በእጅጉ ይዳከማል። ቤት ውስጥ ከግድግዳ ተንጸባርቆ ጆሮ ጋ ይደርሳል፤ ገላጣ በሆነው አደባባይ ላይ ግን የሚያንጸባርቀው ነገር ስለሌለ ቤት ውስጥ ደኅና የነበረው ውጭ ይቆራረጣል። ስለዚህም ነው ሙከራው ከሱቅ ውጭ መሆን ያለበት። ከገዙ በኋላም ስልኩን ወደ ጡት ኪስ ወይም በአንገት ወደሚንጠለጠል ቦርሳ ማዛወር ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያቃልለዋል። የድምፅ መዘግየትን ለመፈተን ደግሞ ዩቲዩብ ከመክፈት ይልቅ ጌም ይክፈቱ ወይም የስልኩን የቁልፍ ድምፅ አብርተው ይጻፉ፤ የቪዲዮ መተግበሪያዎች ምስሉን አዘግይተው ከድምፁ ጋር ስለሚያስማሙት መዘግየቱን ይሸፍኑታል።

ዕቃው «ኦርጅናል» ነው ሲባል ማስረጃው ሲከፈት በስልኩ ላይ ብቅ የሚለው ምስል ወይም በኬዙ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ሊሆን አይችልም። «ማስተር ኮፒ» የሚባሉት ምስሉንም ያስመስላሉ፤ ከእውነተኛ ዕቃ የተገለበጠ ቁጥርም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ትክክል ሆኖ ይታያል። የአፕልን ማዳመጫ የሚገዙ ከሆነ ቢያንስ አይ.ኦ.ኤስ. 16 ያለው አይፎን ይዘው ይሂዱ፤ ሐሰተኛ ኤርፖድ ሲገናኝ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ እንዳልተቻለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። በእኔ ግምት በታዋቂ ስም ከሚሸጥ ኮፒ ይልቅ፣ በራሱ ስም የሚሸጥ መካከለኛ ዋጋ ያለው ዕቃ መግዛት እጅግ የተሻለ ነው፤ ለስሙ የሚከፈለው ገንዘብ ለባትሪውና ለማይክሮፎኑ ይውላልና።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የወዳጅዎ የአምና ዋጋ ለዘንድሮ መለኪያ ላይሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን በሦስት ሱቆች ተመሳሳዩን ሞዴል ይጠይቁ። በዋጋው ሲስማሙ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በደረሰኙ ላይም የሞዴሉ ስም፣ ቀኑና ሻጩ ለስንት ቀን እንደሚቀይርልዎ በጽሑፍ ይስፈር። በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈልም ቀንና መጠን የተመዘገበበት ማስረጃ ያስቀርልዎታል። በቃል የተሰጠ የሦስት ወር ጋራንቲ የሸጠልዎ ልጅ ከሱቁ በለቀቀ ማግሥት የሚያስታውሰው አይገኝም።

ቤት ከገቡ በኋላ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ብዙ አይደለም። ሊቲየም ባትሪ ሙቀትን ስለማይወድ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ውስጥ አይተዉት፤ ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነም ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገው ያስቀምጡት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የኃይሉ መዋዠቅ ርካሽ ቻርጀርን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ መብራቱ እስኪረጋጋ ከሶኬቱ መንቀል ይበጃል።

የድምፁን መጠን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጡት ደረጃ ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል ይኸንኑ ያህል ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ በ90 ዴሲቤል የሚቀረው በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በሚኒባስ ውስጥ የረዳቱን ጥሪና የሬዲዮኑን ድምፅ ለመሸፈን ብለው ሲጨምሩ ወደዚህ መጠን መቅረብ አዳጋች አይደለም። ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ትክክለኛ መጠን ያለው የጎማ ጫፍ ማድረግ ድምፅ ሳይጨምሩ የመስማት ቀላሉ መንገድ ነው። መንገድ ሲያቋርጡ ግን ቢያንስ አንዱን ጆሮ ያውልቁ፤ ለታላቅ ሰው ሰላምታ ሲሰጡም ሁለቱንም ማውለቅ ከእኛ የሚጠበቅ ነው፤ ሙዚቃው ቢቆምም የቆመ መሆኑን ሰላምታ የሚሰጥዎ ሰው አያውቅምና።

ውሎ አድሮ አንዱ ወገን ድምፁ ቢቀንስ ወይም ዝም ቢል ወደ ጠጋኝ ከመውሰድዎ በፊት የጎማውን ጫፍ አውልቀው በመረቡ ላይ የተጠራቀመውን የጆሮ ኩክ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ ማዳመጫውም ሆነ ኬዙ ላይ ያሉትን የብረት ነጥቦች አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ። ካልተስተካከለ ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ስሙን አጥፍተው በመመሪያው መሠረት እንደ አዲስ ያገናኙት። ይህም ካልሠራ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ የአብዛኞቹ ባትሪ ታሽጎ የተሠራ በመሆኑ ለርካሽ ማዳመጫ የጥገና ዋጋ መክፈል አያዋጣም። ኬዙ አብጦ መክደኛው አልገጥም ካለ ደግሞ ቻርጅ ማድረጉን ወዲያውኑ ያቁሙ፤ አይብሱት፣ ከቆሻሻ ጋር ቀላቅለው አያቃጥሉት፤ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከሚቀጣጠል ነገርም ርቆ እንዲቀመጥ ያድርጉ።