አደጋን የሚያጠና ሶሲዮሎጂስት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጀማሪዎች ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት በመጥቀስ ይጀምራል። በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር የተናደው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሆንም፣ አደጋው የተጠነሰሰው ግን በዚያ ምሽት አይደለም። ከተማዋ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻዋን እዚያ መከመሯ፣ ወደ ሰንዳፋ የተዛወረው የቆሻሻ ማስወገድ አገልግሎት በአርሶ አደሮች ተቃውሞ ተቋርጦ መኪኖቹ ወደ ቆሼ መመለሳቸውና ድኾች ከክምሩ ሥር መኖራቸው የጥናቱ እምብርት እንጂ የመግቢያ ማሳመሪያ አይደሉም።

ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን «ማኅበረሰቡ ከፍተኛ የመቋቋም አቅም አለው» የሚለው መደምደሚያ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱና ሁለተኛው ናዳ የዋጣቸው ነበሩ። ይህን «ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር» ብሎ በሠንጠረዥ ማስፈር ቀላል ነው፤ ትስስሩም እውነት ነው። ሆኖም ሰው ወገኑን በእጁና በአካፋ ሲቆፍር አይቶ፣ ማሽን ለምን አልቀደመም፣ ተዳፋቱ ዳግም ሊናድ እንደሚችል የማስጠንቀቅ ኃላፊነት የማን ነበር ብሎ የማይጠይቅ ተመራማሪ፣ ሳያውቀው ለባለሥልጣናት የምስጋና ደብዳቤ እየጻፈ ነው። ዕድርም እንዲሁ ይወደሳል። ዕድር የተዘረጋው ሐዘን በየተራ እንደሚመጣ ታስቦ በመሆኑ፣ መንደሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲያዝን ከፋዩም ተከፋዩም ያው ሰው ይሆናል፤ ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያልቻለውማ ከመዝገቡም የለም።

«ሕዝቡ በድንጋጤ ተተራመሰ፣ ዘረፋም ተስፋፋ» የሚለውን ያለ ማስረጃ አትጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የአደጋ ጥናት ማዕከል እንዲህ ያለው ትርምስ ብርቅ መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል፤ በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ወቅት ስለ ኒው ኦርሊየንስ ከተነገረው የግድያ ወሬም አብዛኛው መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል።

ለቅሶ ቤት መቅረጫ ደቅኖ መቀመጥ ነውር መሆኑን መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሰብሰብ ያለበት ቶሎ የሚጠፋው ነው፤ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ፣ የእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር፣ በየግድግዳው የተለጠፈ ማስታወቂያ። ሐዘንተኛው ቢቆይም ይናገራል።

ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ስለሆነ ከአደጋ ወደ አደጋ መዝለል ያጓጓል፤ መልሶ መቋቋም ግን ዓመታት ይፈጃል። መጠለያ ውስጥ የቀሩትን ብቻ ያነጋገረ ጥናት ዘመድ ጋር የተጠጉትን ይስታል፤ ስለዚህ መጠለያው ሳይፈርስ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ስልክ፣ ስልክ ከሌለው የቅርብ ዘመዱን አድራሻ፣ በፈቃዱ መዝግባችሁ ያዙ።