ለጣና የምትሆን ባለ ሁለት ቀፎ የሸራ ጀልባ

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ከደንገል ታንኳ ሲሠራ አይ ነበር። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ግን አይሰምጥም። የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነዋ! ካታማራን ስነድፍም ይሄንን አልረሳም።

ካታማራን በአግዳሚ የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ማለት ነው። እኔ ቀፎ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ክብደት ደምሩ። ሁለት ሰው 140 ኪሎ፣ ጀልባዋ ከነሸራዋ 110፣ በድምሩ 250 ኪሎ። ነፋስ ሲበረታ አንዱ ቀፎ ከውሃ ይነሳል፤ ያኔ ሌላው ሁሉን ብቻውን ይሸከማል። አንድ ሊትር ቦታ አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚያንሳፍፍ እያንዳንዱ ቀፎ ከነመጠባበቂያው 380 ሊትር ገደማ ይኑረው። የእኔ 4 ሜትር ከ20 ርዝመት፣ 32 ሳንቲም ስፋት፣ 45 ሳንቲም ቁመት አለው። ጫፎቹ ስለሚሾሉ የሚይዘው የሳጥኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ይበቃል።

የጀልባዋ ጠቅላላ ስፋት የርዝመቷ ግማሽ ይሁን። ካሊፎርኒያዊው ሆቢ አልተር የነደፋት ካታማራን፣ ሆቢ 16፣ ርዝመቷ 5.05 ሜትር፣ ስፋቷ 2.41 ነው። ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ስፋቷ ነው። በጣም ካሰፋችኋት ደግሞ ወደ ጎን መገልበጡ ቀርቶ በአፍንጫዋ ትተከላለች።

አፍንጫው ላይ አትሰስቱ። የመጀመሪያዋ ጀልባዬ አፍንጫ ቀጭን ነበር። ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስመለስ ነፋሱ ከኋላ ገፋኝ፣ ሁለቱም አፍንጫዎች ውሃ ውስጥ ገቡ፣ ጀልባዋም ወደፊት ተገለበጠች። ወንድሜም አብሮኝ ነበር፤ ያን ቀን መቼም አልረሳውም። አሁን ከፊት በኩል ላይኛውን ክፍል አሰፋዋለሁ።

የቀፎው ታች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አይበል። እንደ ሙዝ ትንሽ ይጉበጥ፣ አለዚያ ጀልባዋ አትዞርም። ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ብዙ ጀልባዎች ወደ ታች የሚወርድ ሰሌዳ አላቸው። የጣና ዳር ጥልቀት የለውም፣ እምቦጩም ይይዛል። የሆቢ 16 መፍትሔ ይሻላል፦ የቀፎው የውጭ ጎን ጠፍጣፋ፣ የውስጡ ጎበጥ ያለ። መሪዎቹም መሬት ሲነኩ ወደ ላይ የሚታጠፉ ይሁኑ።

አሁን ሸራው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል። በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እዚህ ጉልበቱ በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 12 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃው ጀልባ እዚህ 14 ካሬ ይፈልጋል። ግን ለጀማሪ 12 ይሁን። የክረምት ነፋስ ድንገት ነው የሚመጣው።

ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ የፊት አግዳሚውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ የብረት ዘንግ ወጥሩ። የምሰሶውን ጫፍ አየር እንዳይወጣው ድፈኑት፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ እንዲንሳፈፍ ነው። ጣና በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ላይ ከተገለበጣችሁ ምሰሶው ጭቃ ውስጥ ይተከላል።

ቀፎዎቹ ውስጥ ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ ሃይላንዶች ሙሉበት። 60 ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቀፎው ቢቀደድም 120 ኪሎ ያንሳፍፋል። የታንኳው ደንገል ሥራ ይሄው ነው።

ምሰሶ ከመትከላችሁ በፊት ጀልባዋን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ አንሳፍፉና ሁለታችሁም አንዱ ቀፎ ላይ ተቀመጡ። ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከውሃው በላይ የቀረው ከአንድ ስንዝር ብዙ ካነሰ ሸራ ሳትገዙ ቀፎውን አስተካክሉ።