ማርጀሪ ኬምፕን ሳትቆራርጡ አንብቡ፣ አስነብቡ

ማርጀሪ ኬምፕ በ1373 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በሊን ከተማ የተወለደች፣ 14 ልጆች የወለደች፣ ቢራ ጠምቃ የከሰረች፣ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ የተሳለመች ሴት ናት። ሕይወቷን በቃሏ እየተናገረች አስጽፋለች። በ1501 ዊንኪን ደ ዎርድ የተባለ አታሚ ጥቂት ገጾች ብቻ መርጦ አወጣ፤ ጉዞዋና እሪታዋ ቀርቶ ለስላሳ መንፈሳዊ ምክር ብቻ ተረፈ። በ1521 ያንኑ የደገመው ሌላ አታሚ ደግሞ በዓቷን ዘግታ የምትኖር ባሕታዊት አደረጋት። ሙሉው ጽሑፍ የተገኘው በ1934 ነው። ቅንጭብ የምታካፍሉ ሁሉ ይህን አትርሱ።

ንባቡን ከመቅድሙ ጀምሩ። የመጀመሪያው ጸሐፊ በጀርመን አገር የኖረ ሰው ስለነበር ጽሑፉ እንግሊዝኛም ጀርመንኛም ሳይሆን ቀረ። እሱ ሲሞት የተረከበው ቄስ ማንበብ ተስኖት ዓመታት አጓተተውና በ1436 እንደገና መጻፍ ጀመረ። እኛ ያለን ደግሞ ሳልቶውስ የሚባል ሰው የገለበጠው ነው። ስለዚህ እርሳስ ያዙና ቄሱ ስለ ራሱ ጥርጣሬ የሚናገርባቸውን ቦታዎች፣ በተለይ ምዕራፍ 24ንና 62ን፣ ለይታችሁ ምልክት አድርጉ። ይህን ያልለየ አንባቢ የቄሱን መከላከያ የእሷ ቃል አድርጎ ይወስዳል።

አንደኛው ክፍል 89፣ ሁለተኛው 10 ምዕራፍ አለው። በቡድን ስታነቡ በአንድ ስብሰባ አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ በ1፣ 2፣ 11፣ 18 እና 52 ጀምሩ። 11ኛውን በሁለት ሰው ድምፅ አስነብቡት። ባልና ሚስት በሙቀት ቀን፣ አርብ፣ ከዮርክ ሲመለሱ እሷ ቢራ እሱ ኬክ ይዘው ስለ መኝታ ይከራከራሉ። አብራው ከመተኛት ይልቅ ባሏ ሲገደል ማየትን እንደምትመርጥ የተናገረችበት ላይ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ስምምነት ይበልጣል፦ እሱ ወደ መኝታዋ ላይመጣ፣ እሷ ዕዳውን ልትከፍልለትና አርብ አርብ አብራው ልትበላ ይስማማሉ። ገንዘቡ በእጇ እንደነበር የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

ወደ አማርኛ ስትመልሱ ራሷን የምትጠራበትን «ይህች ፍጡር» ወደ «እኔ» አትቀይሩት። ገድል የለመደ አንባቢም ሌላ ሰው ስለ ቅድስት የጻፈው እንዳይመስለው አንድ መስመር ማብራሪያ ጨምሩለት። እንባና እሪታም በጽሑፉ ሁለት ነገር ናቸው። እሪታው በጎልጎታ ጀመረ፤ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በወር አንዴ የነበረው በሳምንት፣ ከዚያም በየቀኑ ሆነ፣ በአንድ ቀን 14 ጊዜ የደረሰበትም አለ። ሁለቱንም «አለቀሰች» ካላችሁ ሰዎች ለምን ከቤተ ክርስቲያን እንዳስወጧት አይገባም። የዘመናችንን የበሽታ ስም በትርጉሙ ውስጥ አታስገቡ፤ ሐሳባችሁን ለብቻው ጻፉት።

ስታካፍሉ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ሙሉ ክስተት ስጡ፤ የምዕራፉን ቁጥር፣ የጥንቱን ቃል እንደ አጻጻፉ፣ የራሳችሁን ትርጉም በቅደም ተከተል አስቀምጡ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቃል የማንም ንብረት አይደለም፤ የዘመኑ ተርጓሚዎች ሥራ ግን ባለቤት አለው፣ ስለዚህ ሁለት ትርጉም አመሳክሩ እንጂ አንዱን አትገልብጡ። የእጅ ጽሑፉ በብሪቲሽ ላይብረሪ በቁጥር 61823 ይገኛል፤ ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት የአጠቃቀም ፈቃዱን አንብቡ።