ሐዘን ላለበት ቤት ውሻ ስታመጡ

እናቴ ያረፈችው በግንቦት ነው። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊቱ እንኳን አይበርድም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ጎረቤት ወደየሥራው ሲመለስ አባዬ ዝም አለ። ዕድሜውን ምድር ባቡር የሠራ፣ ከዚራ ላይ አሥር ሰው ሰላም ሳይል ማለፍ የማይችል ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። ሁለቴ ይጎርስና "በቃኝ" ይላል።

ቡችላ ያመጣሁት ያኔ ነው። ደህና ያደረግኩትንም ያበላሸሁትንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሐዘንተኛውን ጠይቁት። እኔ አልጠየቅኩም። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ብቻውን ሲንከራተት አገኘሁት፣ በካርቶን ይዤው ገባሁ። አባዬ አየት አደረገውና ዞሮ ተኛ። ዕድለኛ ሆኜ እንጂ፣ ውሻ የሚፈራ ወይም አስም ያለበት ሰው ቢሆን ኖሮ ሌላ ጭንቀት ጨምሬበት ነበር።

ቤት ከማላመዳችሁ በፊት እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ ከዚያ በየጊዜው ይደገማል። የትል መድኃኒትም ይሰጠዋል። ይሄን "በኋላ" አትበሉ። ያልተከተበ ወይም የማታውቁት ውሻ ከነከሰ፣ ቧጭሮ ካደማ ወይም ቁስል ከላሰ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ቀድሞ የተወጋ ግን ይድናል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተቴ ልምጣ። ለአባዬ ያመጣሁትን ውሻ እኔው ያዝኩት። አበላዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ውሃ እቀይርለታለሁ። "አባዬ አይድከም" ብዬ ነው። ቡችላው እኔን እየተከተለ ጓዳ ለጓዳ ይዞራል፣ አባዬ እዚያው አልጋው ላይ ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ የዘመድ ጉዳይ መጣና ለሦስት ቀን ሐረር መሄድ ግድ ሆነብኝ። ሩዝ ከሥጋ ጋር ቀቅዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። "አባዬ፣ ጠዋትና ማታ ስጠው፣ ካንተ ሌላ ማንም የለውም" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። መንገዱን በሙሉ ልቤ አላረፈም።

ስመለስ መሽቷል። አባዬ በረንዳ ላይ ነው፤ ሽርጡን አገልድሞ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ቡችላው አገጩን ባዶ እግሩ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። የአባዬ እጅ ጀርባው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በሩን ስከፍተው እጁን አነሳና "ቀስ በይ፣ ተኝቷል" አለኝ። "እግሬ ደንዝዟል፣ ግን ይተኛ።" ከቀብሩ ወዲህ ይሄን ያህል ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጓዳ ገብቼ ድስቱን ከፈትኩት። ለአባዬ የተውኩለት ሽሮ አልቋል።

ስለዚህ ይሄን ያዙልኝ። ያዘነ ሰው ቤት ሁሉም ሰው ይሰጠዋል፤ ምግብ፣ ምክር፣ "አይዞህ"። የእሱን እጅ የሚጠብቅ ግን የለም። ውሻው ሲመጣ እጁን የሚጠብቅ ያገኛል። ቀለቡን፣ ውሃውንና ማበጠሩን ለእሱ ተዉለት። ዘግይቶ ቢነሳ እንኳን አትቅደሙት። ቢረሳ በዘዴ አስታውሱት፤ ሳህኑን አጠገቡ አድርጋችሁ ዞር በሉ። ስሙንም እሱ ያውጣለት። አባዬ "ሸፍ" አለው። በድሮው ባቡር ፈረንሳይኛ የጣቢያው አለቃ "ሸፍ ደ ጋር" ነበርና፣ ቡችላው በር ላይ ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን ስለሚቆጣጠር ነው።

ስለ ምግቡ፦ ወጥ አትስጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ፣ ዘቢብና ቸኮሌትም እንደዚያው። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሉካንዳ ሳንባ ወይም ጉበት ካመጣችሁ በደንብ ቀቅሉት። ጥሬው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ ውሻው ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ደግሞ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ጉበት ድረስ ይደርሳል። ከነካካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ድሬ ናትና ደግሞ የጫት ገረባ መሬት ላይ አይቅር፤ እሱም ይጎዳዋል።

ሽርሽሩ ላይ ግን አትቸኩሉ። ለአባዬ መድኃኒት የሆነው ዋናው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሸፍ አልጋው ሥር መጥቶ ይቆማል። አባዬ ይነሳል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር፣ ሌላው አገር "የድሬዳዋ ዛፍ" የሚለው ባለ ቀይ አበባው ሥር፣ ፀሐይ ሳትበረታ ዞረው ይመለሳሉ። በፊት ሰው ሽሽት ቤት የተደበቀው አባዬ አሁን "ውሻው ስንት ወሩ ነው?" የሚለውን ሁሉ ቆሞ ያናግራል። ስለ እማዬ ሳይጠይቁት ያወራሉ። ይሄ ለሐዘንተኛ ትልቅ እረፍት ነው።

ሙቀቱን ተጠንቀቁ። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ አስቀምጡ። እናንተን ካቃጠለ የእሱንም መዳፍ ያቃጥላል። ማታም ቢሆን ሞክሩት፤ አስፋልት ፀሐይ ከገባች በኋላም ትኩስ ነው። ውሻ እንደኛ በገላው አያልብም፣ የሚበርደው በማለክለክ ነው። ውሃውን በሸክላ አድርጉለት፣ ቀዝቀዝ ይላል። ልሃጩ ከበዛ፣ ድዱ ደም ከመሰለና ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ገላውን ውሃ አርሱት፣ አራግቡለት፣ ሐኪም ጋ ሩጡ።

ማታ ማታ ዝም ብለው ይተያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት አለ፤ ውሻና ባለቤቱ ረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ገላ ውስጥ ኦክሲቶሲን ይጨምራል ይላል። እናትን ከሕፃኗ ጋር የሚያስተሳስረው ሆርሞን ነው። አባዬን እያየሁ ይሄን ለማመን አልከበደኝም። ውሻውን ግን ፊቱን ይዛችሁ በግድ እዩኝ አትበሉት፤ ያስፈራዋል። ራሱ ሲመጣ ብቻ።

ጎረቤትንም አስቡ። ጎረቤታችን ሐጂ ለሰላት ሲወጡ ሸፍን በአጭር ገመድ እንይዘዋለን። የውሻ ምራቅ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ አለባቸው። ሳይነግሩን ስላደረግነው ደስ አላቸው። አንድ ቀን በር ላይ ቆመው፣ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ስላጠጣውና አላህ ስለማረው ሰው ለአባዬ አጫወቱት።

ውሻ ሐኪምን አይተካም። ሰውየው ምግብ ጨርሶ ከተወ፣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" ካለ፣ ቀን ሳትቆጥሩ ሆስፒታል ውሰዱት። እናንተ ብትታመሙ ውሻውን ማን እንደሚይዝም ከአሁኑ ተነጋገሩ። እኛ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተስማምተናል።

የሸፍ የክትባት ካርድ አባዬ ጋ ነው። ከጡረታ ደብተሩና ከእማዬ ፎቶ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ያስቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት አውጥቶ መነጽሩን አደረገና "ቀኑ ደርሷል፣ ነገ ባጃጅ ጥሪልን" አለኝ።